ፈራሁ ማለት አላመንኩም ማለት ነው?

ጥያቄ፦ «ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የ34 ዓመት ሰው ነኝ፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። የምኖረው አዲስ አበባ ነው። የምሠራበት ድርጅት ከተዘጋ ወዲህ ቋሚ ሥራ የለኝም፤ ያገኘሁትን እየሠራሁ ነው። የምንኖረው በኪራይ ቤት ነው። አከራያችን ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ጭማሪ አለ ብለውኛል። ከጥቂት ወራት ወዲህ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብንን እላለሁ። ልቤ ይደልቃል፣ ላብ ያጠምቀኛል፣ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ፣ አሁን መሞቴ ነው እላለሁ። ሆስፒታል ሄጄ የልብ ምርመራ ተደረገልኝና ልብህ ጤነኛ ነው ተባልኩ። በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ አገለግላለሁ። አንድ የማከብራቸው አባት “ይህ የፍርሃት መንፈስ ነው፣ እምነትህ ስለላላ ነው፣ ጾም ጨምር” አሉኝ። ጨመርኩ፤ ግን ባሰብኝ። አሁን መዘመርም እያፈርኩ ነው፤ የማልኖረውን የምዘምር ይመስለኛል። ባለቤቴ አታውቅም። አንዳንድ ሌሊት ባልነቃ ይሻለኝ ነበር እላለሁ። እምነቴ ምን ሆነ? ይህን ፍርሃት በእምነት እንዴት ላሸንፈው?»

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። ወደ መጨረሻው ከጻፍከው ልጀምር። «ባልነቃ ይሻለኝ ነበር» ብለሃል። ይህን ብቻህን ይዘህ አትደር። ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገር። ሐሳቡ ከምኞት አልፎ «እንዲህ ባደርግስ» ወደሚል ነገር ከሄደ ደግሞ እስኪነጋ አትጠብቅ። ባለቤትህን ቀስቅሳት፤ በአቅራቢያህ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አብራችሁ ሂዱ። ይህን ማለትህ ግን አያሳፍርህ። አንተ የምታምነው አምላክ ያከበራቸው ሰዎችም ብለውታል።

ኤልያስ ብሎታል። 1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19ን ዛሬ አንብበው፤ ቀስ ብለህ አንብበው። ይህ ሰው በቀርሜሎስ ተራራ ላይ ጸልዮ እሳት ከሰማይ የወረደለት ነቢይ ነው። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ኤልዛቤል ልትገድለው እንደማለች ሰማ። ሸሸ። እስከ ቤርሳቤህ ሄደ፣ ሎሌውን እዚያ ተወው፣ ብቻውን የአንድ ቀን መንገድ ወደ ምድረ በዳ ገባ። ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን ለመነ። «ይበቃኛል» አለ፤ ነፍሴን ውሰዳት አለ።

አሁን እግዚአብሔር ምን እንዳደረገለት ተመልከት። አልገሠጸውም። «ትናንት እሳት አውርጄልህ ዛሬ እንዴት ትፈራለህ?» አላለውም። አስተኛው። ከዚያ መልአክ ነካ አድርጎ ቀሰቀሰውና «ተነሥተህ ብላ» አለው። ራስጌው አጠገብ በፍም የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ነበር። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጥቶ እንደገና አበላው፤ መንገዱ ሩቅ ነው አለው። በዚያ ምግብ ኃይል አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ሄዶ ኮሬብ ደረሰ። የእግዚአብሔር ጥያቄ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ «ኤልያስ ሆይ፣ በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው። ኤልያስም ሆዱ ውስጥ ያለውን ዘረገፈ። «እኔ ብቻዬን ቀርቻለሁ» አለ። ይህንኑ አቤቱታ በዚያው ምዕራፍ ውስጥ ሁለት ጊዜ፣ ቃል በቃል ሊባል በሚችል ሁኔታ ደግሞታል። እግዚአብሔርም ሁለቴም ሰማው። ከዚያ ሥራ ሰጠው፣ ኤልሳዕን ረዳት ሰጠው፣ ለበኣል ያልተንበረከኩ ሰባት ሺህ ሰዎች እንዳሉም ነገረው።

በዚህ ምዕራፍ ላይ የቆየሁት የጥያቄህ መልስ እዚህ ውስጥ ስላለ ነው። «እምነቴ ምን ሆነ?» ብለሃል። እምነትህ አለ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልቡ እየደለቀ «ጌታ ሆይ» የሚል ሰው እምነት የለውም አልልም። ፍርሃት መኖሩ የእምነት ማነስ ማስረጃ አይደለም። እምነት ሥራውን የሚሠራው ፍርሃቱን ይዘህ ወዴት ትሄዳለህ በሚለው ላይ ነው። ኤልያስ ፍርሃቱን ይዞ ወደ እግዚአብሔር ተራራ ሄደ። እግዚአብሔርም በእንቅልፍ፣ በእንጀራ፣ በውኃ፣ በጊዜና በሰው አዳነው። አንተ ግን እነዚህን ሁሉ እየቀነስክ ነው። እንቅልፍህ ተቆራርጧል፣ ምግብህን ቀንሰሃል፣ ሚስትህን ደብቀሃታል፣ አሁን ደግሞ ከመዘምራኑ ልትወጣ ነው።

«የፍርሃት መንፈስ» የሚለውን ቃል ብዙ ሰው ላይ ሲጣል አያለሁ፤ ሁልጊዜም ያሳዝነኛል። የተወሰደው ከ2ኛ ጢሞቴዎስ 1፥7 ነው፤ እግዚአብሔር የኃይልና የፍቅር፣ ራስንም የመግዛት መንፈስ እንጂ የፍርሃት መንፈስ አልሰጠንም ይላል። ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አብረህ አንብብ። ጳውሎስ እስር ቤት ሆኖ ለልጁ ለጢሞቴዎስ የሚነግረው በጌታ ምስክርነትና በእርሱ መታሰር እንዳያፍር ነው። ከመከራ ወደኋላ እንዳይል እያበረታው ነው እንጂ ልቡ የሚመታበትን ሰው እየከሰሰው አይደለም። ይኸው ጳውሎስ በመጀመሪያው መልእክቱ ለዚሁ ለጢሞቴዎስ ምን እንዳለው ታውቃለህ? ስለ ሆድህና ስለ በሽታህ ብዛት ውኃ ብቻ አትጠጣ፣ ጥቂት የወይን ጠጅ ጠጣ አለው። በዘመኑ የሚታወቀውን መድኃኒት አዘዘለት ማለት ነው። ለሰውነቱ የሚሆን ምክር ሰጠው እንጂ ሆድህን የሚያምህ እምነት ስለጎደለህ ነው አላለውም።

ጳውሎስ ስለ ራሱም አልደበቀም። በ2ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 7 መቄዶንያ በደረሰ ጊዜ ሥጋው ዕረፍት እንዳጣ፣ በውጭ ጠብ በውስጥ ደግሞ ፍርሃት እንደነበረ ጽፏል። የተጽናናው በምን እንደሆነም ይናገራል፤ በቲቶ መምጣት። ወዳጁ መጣለት። ዳዊትም የጌትን ንጉሥ አንኩስን እጅግ ፈርቶ እብድ እስከ መምሰል ደርሷል። መዝሙር 56 (በዳዊታችን አቆጣጠር 55) በርዕሱ ከዚያው ከጌት ጊዜ ጋር የተያያዘ ነው። በምፈራበት ጊዜ በአንተ እታመናለሁ ይላል። አልፈራም ብሎ አልጀመረም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጌታችን በጌቴሴማኒ አለ። ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች አለ። ሦስቱን ደቀ መዛሙርት አብራችሁኝ ትጉ ብሎ ለመናቸው። ያንኑ ቃል እየደገመ ሦስት ጊዜ ጸለየ። ላቡ እንደ ደም ነጠብጣብ ወረደ። ኃጢአት ያልሠራው እርሱ እንዲህ ከተጨነቀ፣ ጭንቀት በራሱ ኃጢአት ነው የሚለኝን ሰው አልቀበለውም።

አሁን ወደ ሰውነትህ ልምጣ። የሌሊቱ ነገር በሕክምናው ዓለም በደንብ ይታወቃል። ድንገተኛ የድንጋጤ ሕመም ይባላል፤ ብዙዎች በእንግሊዝኛው ስም ፓኒክ አታክ ይሉታል። ሰውነታችን አደጋ ሲመጣ አድሬናሊን ይረጫል። ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ለመሮጥ ወይም ለመታገል የተሰጠን ነው። ለብዙ ወራት ሲጨነቅ የከረመ ሰው ላይ ግን ሌባም መጣ እንግዳ እንደሚጮህ የግቢ ውሻ፣ ያለ ምክንያትም ይነሣል። ትንፋሽ ሲፈጥን በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀንስ ጣት ይደነዝዛል፣ ራስ ይዞራል። ያ ደግሞ «ልሞት ነው» ያሰኝሃል፤ ፍርሃቱ ፍርሃትን ይወልዳል። አብዛኛውን ጊዜ በአሥር ደቂቃ ገደማ ውስጥ ጫፉ ላይ ደርሶ መውረድ ይጀምራል። እጅግ ያስፈራል፤ ነገር ግን አይገድልም።

የልብ ምርመራው ጥሩ መሆኑ ደስ ይላል፤ ግን አንድ ነገር ይቀራል። የእንቅርት (ታይሮይድ) ሆርሞን መብዛት ልክ እንዲህ ያደርጋል፤ ልብ ያስመታል፣ ያልባል፣ እንቅልፍ ይነሣል። ደም ማነስም ልብ ያስመታል። የደም ስኳር መውረድም እንዲሁ፤ ጾም ጨምረህ መባስህ አንዱ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ተመልሰህ ሂድና የታይሮይድ፣ የደም መጠንና የስኳር ምርመራ እንዲደረግልህ ጠይቅ። ቡና ከሰዓት በኋላ ተው። ጫት ከነካህም አቁም። ለእንቅልፍ ብለህ ማታ አትጠጣ፤ አልኮል ያስተኛና ሌሊት መልሶ ያባንናል።

ስለ ጾሙ። ጾምን አልነቅፍም፤ እኔም እጾማለሁ። ነገር ግን ጾም ቅጣት ሲሆን መልኩ ይለወጣል። አንተ የጨመርከው «እምነቴን ላረጋግጥ» ብለህ ነው፤ እግዚአብሔር ደግሞ ኤልያስን ተነሥተህ ብላ ያለው በእንዲህ ያለ ሰዓት ነው። የጨመርከውን ትተህ ወደ ተለመደው ሥርዓት ተመለስ። ኦርቶዶክስ ከሆንክ ለንስሐ አባትህ ሕመምህን ነግረህ በእርሳቸው ምክር ጹም፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ሁልጊዜ ቦታ አላት። ወንጌላዊ ከሆንክም ለመጋቢህ ንገር። የመከሩህን አባት አትቀየማቸው። በጎ አስበው ነው፤ የሚያውቁትን ነው የሰጡህ።

ከድንጋጤው ለይቼ ማየት የምፈልገው ደግሞ የኪራዩን ጭንቀት ነው። ይህ ምክንያት ያለው ጭንቀት ነው። ልጆች አሉህ፣ ጭማሪ ተነግሮሃል። «ለነገ አትጨነቁ» የሚለው የማቴዎስ 6 ቃል እንደ አንተ ላሉ ሰዎች የተነገረ ነው። በገሊላ ጌታን የሰሙት አብዛኞቹ ያገኙትን የሚበሉ ሰዎች ነበሩ። በዚያው ምዕራፍ፣ ጥቂት ቁጥሮች ከፍ ብሎ፣ የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ ብለን እንድንጸልይ ተምረናል። ጌታ ድንበር ያበጀልን ዛሬ ላይ ነው። ለቀኑ ክፋቱ ይበቃዋል ሲልም የዛሬው ችግር የለም አላለንም። የዛሬውን ያዙ፤ የሚቀጥለውን ዓመት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አትሸከሙት ነው።

ጳውሎስም በአንዳች አትጨነቁ ሲል እዚያ ላይ አላቆመም። በጸሎትና በምልጃ፣ ከምስጋና ጋር፣ ልመናችሁን አስታውቁ አለ። ያስጨነቀህን በስሙ ጠርተህ ንገረው ማለት ነው። «ጌታ ሆይ፣ ጭንቀቴን ውሰድልኝ» ብቻ ብለህ አትለፈው። «ጌታ ሆይ፣ በወሩ መጨረሻ ይህን ያህል ብር ያስፈልገኛል፤ በእጄ ያለው ይህ ነው፤ ነገ እገሌን ሥራ ልጠይቀው ነው፤ ማፈሬን አንሣልኝ» ብለህ ጸልይ። ብዙ ሰው እንዲህ መጸለይ ለእግዚአብሔር የሚያንስ ይመስለዋል። አይደለም። ስሙ ያልተጠራ ጭንቀት ሌሊት ሲሆን ያብጣል፤ በብርና በቀን ሲነገር መጠኑ ይታወቃል።

እንዲህ አድርገው። ከእራት በኋላ፣ መኝታ ሳይደርስ፣ ወረቀት ይዘህ ተቀመጥ። በአንድ ወገን በዚህ ሳምንት በእጅህ ያለውን ጻፍ፤ አከራዩን ማነጋገር፣ ሥራ ሊጠቁሙ የሚችሉ ሰዎችን መደወል። በሌላው ወገን በእጅህ የሌለውን ጻፍ፤ ልጆቼ ወደፊት ምን ይሆናሉ፣ ብታመምስ፣ አገሩስ እንዴት ይሆናል። የመጀመሪያውን ወገን ቀን ስጠው፤ ማክሰኞ ይህን፣ ሐሙስ ያንን። ሁለተኛውን ወገን አንድ በአንድ እየጠራህ ጸልይበት። ከዚያ ወረቀቱን መጽሐፍ ቅዱስህ ውስጥ አድርገህ ዝጋው። ሌሊት ያው ሐሳብ ሲመጣ «ማታ ለጌታ ነግሬዋለሁ፤ ነገ ማታ እንደገና እነግረዋለሁ» በለው። መጀመሪያ ላይ አይሰማህም። እየቆየ ግን አእምሮ ጭንቀቱ የራሱ ሰዓት እንዳለው ይማራል።

ስለ ኪራዩ አንድ ምድራዊ ነገርም ልንገርህ፤ ይህን ማወቅ ከእምነት አይቃረንም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አከራይ በፈለገ ጊዜ የፈለገውን እንዳይጨምር ገደብ አድርጓል። ጭማሪ የሚደረገው ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ነው። ውልህን ይዘህ ወረዳ ሄደህ ጠይቅ። ከዚያ አከራይህን በሰላም፣ በአክብሮት አነጋግራቸው። ምናልባት እርሳቸውም የሚያስጨንቃቸው ነገር ይኖራል።

ሌሊት ብንን ስትል ደግሞ አትታገለው። «ለምን መጣ፣ መቼ ይሄዳል» እያልክ ስትከታተለው ይብሳል። ተነሥተህ እግርህን መሬት አስነካ። በአፍንጫህ ቀስ ብለህ አስገባ፤ ስታስወጣ ካስገባህበት ይርዘም። አባቶቻችን የሚያዘወትሯት አጭር ጸሎት ለዚህ ትመቻለች። ስታስገባ «እግዚኦ»፣ ስታስወጣ «መሐረነ ክርስቶስ»። በሌላ ቃል የምትጸልይ ከሆነ «ጌታ ሆይ» ብለህ አስገባ፣ «በእጅህ ነኝ» ብለህ አስወጣ። ረጅም ጸሎት አትጀምር፤ በዚያ ሰዓት አእምሮህ አይከተልህም። ስልክህን አትክፈት፤ ዜና አትይ። ከሃያ ደቂቃ በኋላም እንቅልፍ ካልመጣ ሌላ ክፍል ወይም ሌላ ጥግ ተቀምጠህ መዝሙረ ዳዊት አንብብ። መዝሙር 91 ብዙ ሰው ያውቀዋል። እኔ ግን 42ንም እመክርሃለሁ። እዚያ መዝሙረኛው ለገዛ ነፍሱ ይናገራል፤ ነፍሴ ሆይ፣ ለምን ታዝኛለሽ ይላታል። ፍርሃቱ ሲናገርህ ዝም ብለህ አትስማው፤ አንተም መልስለት።

ባለቤትህን ንገራት። ይህን ምክር ቢከብድህም አልተውልህም። እንዳትጨነቅ ብለህ ነው የደበቅካት፤ ይገባኛል። ግን አንድ አልጋ ላይ የሚተኛ ሰው ሌሊት ሲነሣ አታውቅም ብለህ ነው? ምናልባት ሌላ ነገር ጠርጥራለች። ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ በአጭሩ ንገራት፤ «ሌሊት ልቤ እየመታ እነቃለሁ፣ ስለ ኪራዩ ፈርቻለሁ፣ ብቻዬን ከበደኝ።» መፍትሔ አምጪ አትበላት። የማታውን ወረቀት አብራችሁ ጻፉት፤ አብራችሁ ጸልዩበት። አንዱ የሌላውን ሸክም ይሸከም ከተባለ ከማን ይጀመራል?

ከመዘምራኑም አትውጣ። የማልኖረውን እዘምራለሁ ብለሃል። ስንቱ መዝሙር ነው «ማረኝ፣ አድነኝ፣ አትተወኝ» የሚለው! እርሱን ከአንተ በላይ እየኖረ የሚዘምር ማን አለ? ልጁ የታመመበት አባት በማርቆስ ወንጌል «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ጮኸ፤ ጌታም መጀመሪያ እምነትህን አሟላ ሳይለው ልጁን ፈወሰለት። ሌላም ምክንያት አለኝ። ድንጋጤ የያዘው ሰው አንድ ቦታ ሲሸሽ ለጊዜው ይቀለዋል፤ ቀጥሎ ግን ሌላ ቦታ መሸሽ ይጀምራል። መጀመሪያ መዘምራን፣ ከዚያ ታክሲ፣ ከዚያ ገበያ፣ እያለ ቤት ውስጥ ይዘጋዋል። ፊት ለፊት መቆም ከከበደህ ለጥቂት ሳምንት ከኋላ ቁም። ብቻ ሂድ።

ይህን ሁሉ እያደረግህ ጥቂት ሳምንታት አይተኸው ካልቀለለ፣ ወይም ሥራ መሥራት ካቃተህ፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋር ሂድ። አማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ ጥቁር አንበሳና ጳውሎስ አሉ። ሌሎች የመንግሥት ሆስፒታሎችም የአእምሮ ጤና ክፍል አላቸው። ሰው አማኑኤል የሚለውን ስም ሲሰማ ይደነግጣል፤ ግን ብዙ ሰው ተመላልሶ ታክሞ ወደ ሥራው የሚመለስበት ቦታ ነው። በንግግር የሚደረገው ሕክምና ለድንጋጤ ሕመም በጣም ይረዳል። መድኃኒት ከታዘዘልህም አትፍራ። በብዛት የሚታዘዙት ለመሥራት ሳምንታት ይወስዳሉ፤ ስለዚህ በሦስተኛው ቀን አልሠራም ብለህ አታቋርጥ። እንደ ዲያዜፓም ያለ ማረጋጊያ ግን ሰው መከረኝ ብለህ በራስህ ገዝተህ አትውሰድ። ሱስ ያስይዛል።

«መድኃኒት ከወሰድኩ እምነቴስ?» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ከመንበሩ ተባርሮ በስደት ሳለ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ404 እስከ 407 ባሉት ዓመታት፣ ለዲያቆናዊቷ ኦሎምፒያስ ብዙ ደብዳቤ ጽፎላታል። በሐዘን ተሰብራ ነበር፤ ሰውነቷም ታሞ ነበር። መንፈሷን በቃለ እግዚአብሔር ያጽናናል። እዚያው ላይ ደግሞ ልምድ ያላቸውን ሐኪሞች ተጠቀሚ፣ መድኃኒትም ውሰጂ ይላታል። እርሱም ታሞ እንደነበር፣ አንዲት ክብርት ሴት የላከችለትን መድኃኒት ወስዶ በሦስት ቀን እንደተሻለው ይነግራታል። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ም መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል። በአገራችንም በኤች አይ ቪ ዘመን ጸበልና መድኃኒት ሲያከራክር ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን፣ እርስ በርሳቸውም እንደማይጣሉ ተናግረው ነበር። ጸበል የምትጠመቅ ከሆነ ተጠመቅ፤ ክኒኑንም አታቋርጥ። እጅ እንዲጫንልህ ከፈለግህ ይጫንልህ፤ ቀጠሮህንም አክብር።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር እጠብቅብሃለሁ፤ ለባለቤትህ መንገር፣ የደም ምርመራውን ማድረግ፣ ወረዳ ሄዶ ስለ ኪራዩ መጠየቅ። የምርመራው ውጤት ሲመጣ ጻፍልኝ፤ የታይሮይዱ ነገር ከተገኘ የሚቀጥለው ምክሬ ይለወጣል። ባለቤትህም ጥያቄ ካላት እርሷም ትጻፍልኝ።